የኅዳግ ባለርስት

መሐል ሜዳ፣ ከመናኸሪያው ማዶ፣ በአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣
ልብ ወለድ እጽፍ ነበር።
ብርዱ ጣት ያስራል፤ መብራት ከሄደ ከቀትር፣
ስልኬ ሦስት በመቶ ቀርቶት ያጣጥር።

መጽሐፉ ስለ አንዲት ሴት ነው። ማንያህልሻል ትባላለች።
ከሞተች መቶ ሰማንያ ዓመት አልፏታል፤ ወይም አላለፋትም፤
ማስረጃዬ አንዲት መስመር ናት፣
በአንድ የብራና ዳዊት ኅዳግ በመቃ ብዕር የተጫረች፦
«ማንያህልሻል ሁለት በግ ሰጠች።»
በቃ። ለማን፣ ስለምን፣ ጥቁር ይሁኑ ነጭ፣
ቀለሙ ዝም።

እኔ ዝም አልኩ እንዴ?
ባል ሰጠኋት፤ ባሏን ዘመቻ ላክሁት፤
ምዕራፍ ሦስት ላይ አስለቀስኋት፣ ምዕራፍ ሰባት ላይ ገደልኋት፤
መጀመሪያ በጉንፋን ነበር፣ ኋላ ፈንጣጣ አደረግሁት፣
ለዐረፍተ ነገሩ ዜማ ሲባል።
(አንባቢዬ፣ ካንተ ምን እደብቃለሁ፤
ሞቷን የጻፍኩ ዕለት ሽሮዬ በጣም ጥሞኝ ነበር።)

ሌሊት በሩ ተንኳኳ። ገባች።
የለበሰችው ባና ነው፤ ጠርዙ ላይ የእኔ ቀይ ስርዞች፣
የደለዝኋቸው ቃላት።
ግራ እጇ ላይ የእጅ ሰዓት፣ ምዕራፍ አምስት ላይ ተሳስቼ ያሰርኩላት።
«ኮሶው ሥር ቁም» አለችኝ።
(ክፍሌ ውስጥ ኮሶ የለም። ቆምኩ።)

«በላ ልበልሃ፣ ስማኝ ባለ ብዕር፣
አባት ሳትቆጥርልኝ፣ ርስቴ ላይ አትስፈር፤
አንድ መስመር ይዘህ፣ መቶ ገጽ ስታርስ፣
ዋስህን ጥራልኝ፣ ማን አለህ ውረስ?
ባሌን ገድለኸዋል፣ ባል አልነበረኝም፤
እንባ ጽፈህልኛል፣ እኔ አላለቀስሁም፤
ፈንጣጣ ላክህብኝ፣ ገጽህ እንዲያምርልህ፤
ፊቴን መቼ አየኸው፣ ማን ጠባሳ አለህ?»

የጃኬቴን ዚፕ እስከ አገጬ ዘግቼ ተሟገትሁ፦
ዜና መዋዕሉንም እኮ የጻፈው ከማዕዱ የሚበላ ሰው ነው።
በዚህ አገር አባት ሲቆጠር፣ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ፣
እየታወሰ አይደለም፣ እየተሳለ ነው፤
እርሻው በሰፋበት አያትም ይሰፋል።
እኔ ቢያንስ ሽፋኑ ላይ «ልብ ወለድ» ብዬ ጽፌያለሁ።

ሳቀች። «እሱማ ሌባም ፋኖስ ከያዘ እንግዳ ይመስላል።»

ዳኛው አንተ ነህ፣ አንባቢ፤ እዚያ ጉቶ ላይ ተቀመጥ፣
ቢበርድህም አትነሣ።
መጨረሻዎቼን ዘረጋሁላት።
አንዱ ላይ ትድናለች። አንዱ ላይ ባሏ፣ የሌላት ባሏ፣ ይመለሳል።
አንዱ ላይ በጎቹን አትሰጥም፤
ያኔ መስመሯ የለችም፣ እሷ የለችም፣
እኔም ይሄን ሌሊት አልነበርኩም።
ይቺኛዋን ወረቀት ለረጅም ጊዜ ይዛ ቆየች።
አነበበቻት አልልም፤ ማንበብ ታውቅ እንደሆነ አላውቅም።

አንተ ዝም ስትል እሷው ፈረደች፦
ሁለት በግ።

በገበያው ቀን ወጣሁ። በግ ተወዷል።
አንዱን በጥሬ ገንዘብ፣ አንዱን በብድር ገዝቼ ለደብሩ ነዳሁ።
መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ያችኑ ዳዊት ገልጠው፣
እስክሪብቶ አራግፈው፣
ከአሮጌዋ መስመር በታች ጻፉ፦
«ይርሳው ሁለት በግ ሰጠ።»
ይርዳው ነኝ፣ አልኩ፤ «ሳ» አይደለም፣ «ዳ» ነው።
መነጽራቸውን አወለቁ። «መፋቂያው ጠፍቷል፣
ደግሞስ ከመቶ ዓመት በኋላ ማን ይጠይቅሃል?»

ይኸው እሱን ሰውዬ እጠብቃለሁ፣
አንድ ቆርቆሮ ሥር የሚቀመጠውን፣ ጣቱን ብርድ ያሰረውን፣
ይርሳው ለሚባል ሰው ሚስት የሚሰጥ፣
ገበያ የሚልከው፣
ከዚያ፣ ለዜማው ሲል፣ በምን እንደሚገድለው
ገና ያልወሰነ።